በጓሮ በር የታየ ትምህርት ቤት

ሀደርስፊልድ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1997

ይድረስ ለወንድሜ ለታውቂር፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከርመሃል? ሚስትህ ናጅማስ ደኅና ናት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴን ካልጠየቅኸኝ በቀር፣ አንተ ደግሞ ጠይቀህ አታውቅም።

ደብዳቤህ ከትምህርት ቤቶቹ መጽሔቶች ጋር የረመዳን መባቻ ላይ ደረሰኝ። ፖስተኛው ጥቅሉን ተሸክሞ ሲመጣ ድንጋይ የላክህልኝ መስሎት ነበር። ሁሉንም አየኋቸው። ሽፋኑ ላይ ያው ሣር፣ ያው ቤተ ክርስቲያን የሚመስል ሕንፃ፣ ያችው ፈረስ የያዘች ልጅ። ገጹን ሲገልጡት ደግሞ የእኛ ቀለም ያላትን አንዲት ልጅ ብልቃጥ አስይዘው አቁመዋታል፤ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞረች የምትነሳው አንዷው ልጅ ሳትሆን አትቀርም።

ያልከኝ ገብቶኛል። ልጅህ ዙነይራ ፈተናዋን ጨርሳለች፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት እንግሊዝ አገር አዳሪ ሆና ትማር ብለህ ቆርጠሃል፤ እኔም እዚሁ ስላለሁ ሄጄ ልይልህ። ለምን እንደቆረጥክ ግን አልጻፍክም። ብትደብቀኝ አጣዋለሁ? ተፎካካሪህ ሐጂ ሙኽታር ልጁን ልኳል። እሱ ባለ ሦስት ክንፍ ማራገቢያ ሲሠራ አንተ ባለ አራት ክንፍ ሠራህ። እሱ ማራገቢያውን "ሮያል" ሲለው አንተ የአባታችንን ስም ፍቀህ "ባኪንግሃም" አልከው። አሁን ተራው የልጅህ ነው።

ስልክ ደውዪ አትበለኝ። ስልኩን ለቤቱ ሁሉ ድምፁን ትከፍተዋለህ፤ እኔ ስናገር አማትህ ከጀርባ ስትስቅ እሰማታለሁ። ያለኝን በጽሑፍ እልካለሁ።

እሄዳለሁ። የማየው ግን እናታችን ታይ እንደነበረው ነው። አንተ አታውቃትም፣ ጥርስ ሳታወጣ ነው የሞተችው፤ እኔ ግን ቀሚሷን ይዤ አብሬያት እዞር ነበር። ለታናናሽ እህቶቿ ባል ሲመጣ የሰዎቹን ቤት ለማየት ከቀጠሮው ሰዓት ቀድማ ነበር የምትደርሰው፣ ምንጣፉ ሳይነጠፍ። ከዚያ "እጄን ልታጠብ" ብላ ወደ ውስጥ ትዘልቃለች። ከእሷም በፊት የፀጉር አስተካካዩን ሚስት ባሺራንን በጓሮ በር ትልካታለች። ባሺራን ከሠራተኞቹ ጋር ሽንኩርት እየላጠች የቤቱን ጉድ ሁሉ ለቅማ ትመጣ ነበር። ሰዎቹ ሳሎን ውስጥ ስለ ዘራቸው ሲያወሩ እናታችን ማን ማንን እንደሚመታ ታውቃለች።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ልጅቷ ራሷ ምን መማር ትፈልጋለች? ስለ በር፣ ስለ ፈረስና ስለ ሣር ይህን ያህል ጽፈህ ይህቺን አንዲት መስመር ፈልጌ አጣኋት።

እህትህ ሻይስታ

*

ጉጅራት፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1997

ለተከበሩት እኅቴ ለአፓ ሻይስታ፣

ወአለይኩም ሰላም፤ ኢድ ሙባረክ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በጋው ሳይደርስ የማራገቢያ ትእዛዝ አናታችን ላይ ወጥቷል። ይህን የምትጽፈው ዙነይራ ናት፤ እኔ እየበላሁ እነግራታለሁ። ደብዳቤዎንም ያነበበችልኝ እሷ ናት። ዓይኔ ደኅና ነው፤ መነጽር ያስፈልገዋል የሚሉት ምቀኞች ናቸው። እኔ የሚያስቅ ነገር ያላየሁበት ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ሳቀች።

ስለ ባኪንግሃም የጻፉትን እንዳልሰማሁ ይቁጠሩልኝ።

አፓ፣ መምረጡን ለእኔ ይተዉት። መርጫለሁ፤ ታርንዌል ነው። አማካሪዬ ሚስተር ሸምሲ ላሆር ውስጥ ትልቁ ሆቴል ተቀምጦ የስንቱን ሚኒስትር ልጅ የላከ ሰው ነው፤ ለእኛ ደረጃ ከዚህ በታች አይሆንም ብሎኛል። የእርስዎ ሥራ ሄዶ ማየት ብቻ ነው። በሩ በእርግጥ መጽሔቱ ላይ እንዳለው ትልቅ ነው ወይ? የነማን ልጆች አሉበት? ሳሎኑስ እንግዳ ቢወሰድበት ያኮራል?

እንደሚመጡ በፋብሪካው ማነጀር በጉልዛር አስጽፌ ነግሬያቸዋለሁ። ሲሄዱ ግራጫውን ካፖርት ይልበሱ። የአውቶቡሱን ነገር አያንሱ። ኢናያት ብሃይ ጥሩ ባል ነበር፣ አላህ ይዘንለት፤ ግን ሾፌር መሆኑ ለእነዚህ ሰዎች ምን ያደርግላቸዋል? የመጋረጃ ስፌትዎንም እንዲሁ። ቤትዎ የት ነው ካሉዎት "ዮርክሻየር" ብለው እዚያው ያቁሙ።

ልጅቷ ምን ትፈልጋለች ብለዋል። ልጅቷ የአባቷን ደስታ ትፈልጋለች። የሥዕል ታሪክና ፈረንሳይኛ ትማራለች፤ ሸምሲ ለጨዋ ሴት ልጅ የሚመረጠው ይህ ነው ብሏል።

ታዛዥ ወንድምዎ ታውቂር

ፑፖ አክስቴ፣ ይህቺን አባዬ አልነገረኝም። የሳቅሁት የባሺራን ሽንኩርት ላይ ነው። — የወንድምዎ ልጅ ዙነይራ

*

ሀደርስፊልድ፣ ማርች 3 ቀን 1997

ታውቂር፣

ሰላምታውን ለዙነይራና ለናጅማ አድርስልኝ። ላንተ የሚሆነውን መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ።

ታርንዌል ሄጄ መጣሁ። በሩ ትልቅ ነው፤ አትጨነቅ፣ ዝሆን ያስገባል። ያው እንደ እናታችን ከሰዓቱ ቀድሜ ደረስኩ። ዘበኛው ወረቀቱን አየና "ለእርስዎ በጓሮ በኩል ነው የተባለው" አለኝ። እንግሊዞች ደግሞ ቀድሞ የመጣን ሰው በጓሮ ያስገቡ ይሆናል ብዬ ዞርኩ። ማሞቂያው ከሚንጎራጎርበት ክፍል አጠገብ አንድ የእንጨት ወንበር ላይ አስቀመጡኝና በቆርቆሮ ኩባያ ሻይ ሰጡኝ። በተከፈተው በር አሻግሬ ሳይ ሌሎቹ ወላጆች ሳሎን ውስጥ ባለ ወርቅ ጠርዝ ሲኒ ይዘዋል። ግራጫውን ካፖርት ለብሻለሁ፤ እሱ እንኳ አላዳነኝም።

ምዝገባውን የምትመራው ወይዘሮ ሎክዉድ መጣች። ዕንቁ ያንዠረገገች፣ ጥርሷ ብዙ የሆነ ሴት ናት። ደንቆሮ የሆንኩ ይመስል ቃል በቃል እየጎተተች፣ "ከቤተሰቡ ጋር ስንት ዘመን ሆነሽ?" አለችኝ።

"ታውቂር ከተወለደ ጀምሮ" አልኳት። "እኔ ነኝ ያሳደግኩት። እናቱ ስትሞት ጥርስ አላወጣም ነበር።"

"ወይ ታማኝነት!" አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። "የዛሬ ጊዜ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ከየት ይገኛል?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ደብዳቤህን በእጇ ይዛዋለች። እኔ መነጽሬ አያሳፍረኝም፤ አድርጌው አነበብኩ። "ከቤታችን አንዲት ሴት ትመጣለች፤ ትምህርት ቤቱን አሳዩአት፣ ሻይም ስጧት።" ስም የለኝም። እህት የሚል ቃል የለም። በጀርባዬ አዝዬህ የዞርኩባቸው ዓመታት "አንዲት ሴት" ሆነው ቀሩ።

 እህቱ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ባሺራን ትዝ አለችኝና መልሼ ዘጋሁት። እህትህ አድርገህ ብትልከኝ ሳሎን አስቀምጠው ብስኩት እያበሉ ይሸኙኝ ነበር። ገረድ አድርገህ ስለላክኸኝ በገረዶች መወጣጫ ደረጃ ወጣሁ፤ ነገር የሚደብቀኝም ሰው አልነበረም። እንግዲህ የጓሮ በሩን ወሬ ስማ።

ቅዳሜ ነበር። እንግሊዞቹ ልጆች ወደየቤታቸው ሄደዋል። ከላይ ጣሪያው ሥር ከሩቅ አገር የመጡት ልጆች ቀርተዋል፤ ብዙ ሰው ስለሌለ ማሞቂያው ተዘግቷል። አንዷ ካፖርቷን እንደለበሰች መስኮት ሥር ተቀምጣ ሙቅ ውኃ የፈሰሰበት ኑድል ትበላለች። "እነማን ናቸው?" አልኩ። "የሆንግ ኮንጎቹ" አለችኝ ወይዘሮ ሎክዉድ። ስማቸውን ስጠይቃት "አይ፣ ስማቸው ምላስ ያስራል" ብላ ሳቀች። ልጅቷን ራሷን ጠየቅኳት። ስሟ ሱ ሊን ነው፤ አገሯ ማሌዥያ ነው፤ እዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ ስሟን የጠየቃት ሰው ጠፍቶባት ኖሮ ሁለት ጊዜ ነገረችኝ።

የፊዚክስ ክፍሉ ተቆልፏል። የጽዳት ሠራተኛዋ ከፈተችልኝ። የቲያትር ልብስ ማስቀመጫ አድርገውታል፤ ሚዛኑ ላይ የካርቶን ዘውድ ተቀምጧል። ሳሎኑ እንግዳ ቢወሰድበት ያኮራል ወይ ላልከው እኔ አልገባሁበትምና አላውቅም።

ከቤታችሁ አንዲት ሴት

*

ጉጅራት፣ ማርች 20 ቀን 1997

ለተከበሩት እኅቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎት። ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር ካለ ይቅርታ።

አፓ፣ ነገሩን እንግሊዞቹ ናቸው አጣመው የተረዱት። ከቤታችን የሚመጣ ሰው የቤታችን ሰው ነው፤ ምን ሐሰት አለው? የጻፈውም ጉልዛር ነው። እርስዎም ያኔውኑ "እህቱ ነኝ" ቢሉ ማን ከለከለዎት? ዝም ብለው ዞረው አይተው አሁን እኔን መውቀስ ምን ይባላል? ደግሞ ማሞቂያ ተዘጋ ብለው የሚደነግጡት እርስዎ ነዎት፤ ሰው ልጁን ወደ እንግሊዝ ለሙቀት አይልክም።

ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔው ልንገርዎት። አንዳንድ ቅዳሜና እሁድ ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ይዘጋል፤ ያኔ ልጅቷ እዚያው አገር ካለ ባለአደራ ቤት መግባት አለባት። ሸምሲ ጡረታ የወጡ አንድ ሻለቃና ባለቤታቸውን አግኝቶልናል። ፈረስ አላቸው። እርስዎን ለማድከም አልፈለግንም። ቤትዎ ጠባብ ነው፣ ደረጃው ለጉልበትዎ አይሆንም፤ ትምህርት ቤቱም አድራሻ ያያል።

ለማንኛውም ነገሩ አልቋል። ጣፋጭ አድያለሁ። ከጂ ቲ ሮድ ጀምሮ እስከ ባቡር ጣቢያው ያለ ሱቅ ሁሉ፣ ዘመድ አዝማዱ፣ ማኅበሩ፣ ሐጂ ሙኽታር ሳይቀር የላዱ ሳጥኑን ተቀብሏል። ክዳኑ ላይ የታርንዌልን በር በወርቅ ቀለም አሳትሜበታለሁ። ጣፋጭ ከታደለ በኋላ ወደ ኋላ የሚባል ነገር እንደሌለ ለእርስዎ አይነገርም። በሜይ ወይዘሮ ሎክዉድ ላሆር መጥታ ልጅቷን ታነጋግራታለች፤ እሱ ለወጉ ያህል ነው።

ታዛዥ ወንድምዎ ታውቂር

ፑፖ፣ ደብዳቤዎን ሳነብለት "ገረድ" የሚለው ቃል ላይ ስደርስ አባዬ ሮቲ ቂጣውን አስቀመጠ። ቆይቶ "ቀጥዪ" አለኝ። የፊዚክሱ ክፍል ላይ ስደርስ ግን እኔ ነኝ መቀጠል ያቃተኝ። — ዙነይራ

*

ሀደርስፊልድ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1997

ታውቂር፣

እንኳን ደስ ያለህ! ትምህርት ቤቱ ሳይቀበል፣ ልጅቷ ሳትጠየቅ፣ አንተ ላዱ አደልክ። ሙሽራው ሳይታወቅ ድግስ የደገሰ ሰው አሁን ገና አየሁ። በር ክዳን ላይ ማሳተሙንስ ከየት አመጣኸው? ጉጅራት ውስጥ አንድ ጤነኛ ሰው ጠፍቶ ነው?

ቤቴ ጠባብ ነው ብለሃል። ትክክል ነው። አንተን ያህል ሰው ሊያስገባ አይችልም።

ከዚህ በታች ያለውን ለዙነይራ ነው የምጽፈው። አንተ ሮቲህን ብላ።

ልጄ ዙነይራ፣ ኢናያት አጎትሽ አውቶቡሱን ይነዳበት የነበረው መስመር መጨረሻው ላይ ፔንድልባይ የሚባል የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። ማንም ሳይልከኝ ሄድኩ። ትልቅ በር አለው፣ ግን አይዘጋም፤ ማጠፊያው ወልቋል። እዚህም ቀድሜ ነው የደረስኩት። ዳይሬክተሯ ሚስ ሃክስቢ ጭቃ የጠጣ ቦቲ አድርጋ ከሜዳ መጣችና፣

"ቀጠሮዎ ገና ነው" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት።

"እሺ፣ እንግዲያው ይከተሉኝ። ቆሜ የማወራበት ጊዜ የለኝም።"

እንዳይመስልሽ፣ አላማረኝም። ካሮቱን እስኪሞት ይቀቅሉታል፤ ይሄ እንኳ በሁለቱም ቤት ያው ነው። የእንግዳ ክፍሉ መጋረጃ ተገልብጦ ተሰቅሎ አበቦቹ ቁልቁል ያድጋሉ፤ መጋረጃ ሰፊ ነኝና ዓይኔን አመመኝ። ሴትዮዋም ምግባር የሚባል አልፈጠረባትም። እያወራሁ ሳለ አቋርጣኝ በመስኮት ወደ ሜዳው ጮኸች፦ "ዋንጂሩ ካማው! ካፖርትሽን ልበሺ!" አንዲት ረጅም ልጅ ከዚያ ማዶ "አልያዝኩትም፣ መኝታ ቤት ነው!" ብላ መለሰችላት። ከናይሮቢ የመጣች ናት አሉኝ። የታርንዌሏ ሱ ሊን ትዝ አለችኝ፤ እሷን ሲበርዳት የሚቆጣት ሰው እንኳ የለም።

ከዚያ ዳይሬክተሯ አንድ ክፍል ከፈተች። የተቃጠለ ሽቦ ሽታ አፈነኝ። ልጆቹ ሞተር ፈተው ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈውታል፤ የአንዷ እጅጌ ጠቁሯል፣ ግድም የላት። ሚስ ሃክስቢ ወደ እኔ ዞረችና "ልጅቷ ምን መማር ትፈልጋለች?" አለችኝ።

ታውቂር፣ ስማ። እኔው አንተን ስጠይቅህ የቆየሁት ጥያቄ ነው፣ መልሱን ግን አልላክህልኝም። "እጠይቃታለሁ" አልኩ። "ቢጠይቋት ጥሩ ነው፤ የምትማረው እሷ ናት" ብላኝ ሄደች።

ስለዚህ ዙነይራ፣ ይህን ጮክ ብለሽ ለአባትሽ አንብቢለት፣ መልሱን ደግሞ ራስሽ ጻፊልኝ። የሁለት ዓመት ዕድሜሽ ነው፣ ከዚያም በኋላ ያለው ሁሉ ከዚያ ይመጣል። ምን ትፈልጊያለሽ?

አክስትሽ ሻይስታ

*

ጉጅራት፣ ሜይ 11 ቀን 1997

ውድ ፑፖ፣

አሰላሙ አለይኩም። ይህ ደብዳቤ ዛሬ የአባዬ አይደለም፤ የእኔ ብቻ ነው። ከላሆር ከተመለስን ጀምሮ አባዬ አኩርፎኛል። 

በመጀመሪያ ለጥያቄዎ። ሞተር ነው የምፈልገው። ማራገቢያ ለምን እንደሚዞር ሳይሆን ለምን እንደሚግልና እንደሚቃጠል ማወቅ እፈልጋለሁ። ፋብሪካው ከቤታችን ግድግዳ ማዶ ነው፤ ሌሊት ሙከራ ሲያደርጉ ድምፁን እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ግን ለሴት ልጅ አይሆንም ተብሎ አንድ ቀን ገብቼበት አላውቅም። አባዬ ወንድ ልጅ ስለሌለው ፋብሪካውን ለማን እንደሚያወርስ ሁሉንም ሰው ያማክራል፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሻይ እቀዳለሁ። ፊዚክስና ሒሳብ መማር ነው የምፈልገው፣ ፑፖ። ከጠየቁኝ ያ ነው።

አሁን የላሆሩን ልንገርዎት። ወይዘሮ ሎክዉድ እርስዎ እንዳሉት ጥርሷ ብዙ ነው። አባዬ መልሱን ሁሉ አስጠንቶኝ ነበር። ለምን ታርንዌልን መረጥሽ ስትለኝ አፌ አመለጠኝና "አባቴ ጣፋጭ ስላደለ" አልኳት። ሳቀች። አባዬም የግዱን ሳቀ። ከዚያ "እረፍት ሲሆን የት ትሄጃለሽ?" አለችኝ። "ሻለቃው ጋ" ማለት ነበረብኝ።

"ፑፖዬ ጋ" አልኳት። "እርስዎም ያውቋቸዋል። ማሞቂያው አጠገብ በቆርቆሮ ኩባያ ሻይ የሰጧቸው ሴት ናቸው። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው።"

ሴትዮዋ ከአንገቷ እስከ ግንባሯ ቀላች። አባዬ ደግሞ የሆቴሉን የጣሪያ ማራገቢያ አንጋጦ ማየት ጀመረ። የሐጂ ሙኽታር ሮያል ነበር።

ፑፖ፣ አጥፍቼ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። አጠፋሁ ብዬ ግን አላስብም።

ዙነይራ

*

ጉጅራት፣ ጁን 1 ቀን 1997

አፓ፣

አሰላሙ አለይኩም። ይህን በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ቢወላገድ ይታገሱኝ። ጉልዛር እንዲጽፈው አልፈልግም፣ ልጅቷን ደግሞ ገና አላናገርኳትም።

"ታርንዌል ምን መለሰ?" ብለው ጠይቀዋል። ተቀብለዋታል። ደብዳቤው ማኅተሙ እንዳማረበት መጣ። አላህ ሲያመጣው ሐጂ ሙኽታርና የማራገቢያ ሠሪዎች ማኅበር ሰዎች ቢሮዬ ሻይ እየጠጡ ነበር። ፖስታውን እያዞርኩ ማኅተሙን ለሁሉም አሳየሁ። ከዚያ ጉልዛርን "ጮክ ብለህ አንብብ፣ በኡርዱም ተርጉም" አልኩት። መሃል ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ። እኔ ጅሉ "አንብብ እንጂ!" ብዬ ጮኽኩበት።

አነበበው። ልጅዎን በደስታ ተቀብለናል ይላል። ቀጥሎ ደግሞ፣ በራስዎ ደብዳቤ መሠረት ታላቅ እህትዎን እንደ ቤት ሠራተኛ በማስተናገዳችን አዝነናል ይላል።

አፓ፣ አፈር በበላሁ። ሐጂ ሙኽታር ኩባያውን በቀስታ አስቀመጠ። "ታውቂር ሳሂብ፣ ያሳደገችህን እህትህን ምን ብለህ ነው የጻፍክላቸው?" አለኝ። ማንም ላዱ አልነካም። በማግስቱ ገበያው ሁሉ ያወቀው ነገር ሆነ። የአክስቶቻችን ልጆች ሠልፍ ይዘው እየመጡ ሰደቡኝ። ናጅማ እንኳ፣ መቼም እርስዎን እንዴት እንደምትወድዎት ያውቃሉ፣ "ምን ነካህ?" አለችኝ።

ስለዚህ ታርንዌልን እምቢ ብያለሁ። ለሁሉም ሰው የነገርኩት እንዲህ ነው፦ እህቴን የናቀ ቤት ልጄን አያገኝም። ሐጂ ሙኽታርም ቢሆን ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ልጅቷ ያን በሩ የማይዘጋውን ትግባ። ለሚስ ሃክስቢ እርስዎ ይንገሯት። ባለአደራዋም እርስዎ ይሁኑ፤ ሻለቃው ቀርቷል። ፈርመው ይላኩልኝ።

ጉልበትዎ እንዴት ነው?

ታውቂር

*

ሀደርስፊልድ፣ ጁን 20 ቀን 1997

ታውቂር፣

ወአለይኩም ሰላም። ጉልበቴ ያመኛል። ስለጠየቅከኝ ግን መደንገጤን አልደብቅህም።

ዓይንህን በጨው አጥበህ "እህቴን የናቀ ቤት" አልክ! እነሱማ አንተ የጻፍከውን አምነው ነው። አንድ ቀን ሙሉ ሳቅሁ፤ ከዚያ ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቅሁ። ትናንት አንዲት ሴት ነበርኩ፣ ዛሬ የቤተሰቡ ክብር ሆኛለሁ። ማሻአላህ፣ ያንተ ቤት ሹመት ፈጣን ነው። ይቅርታ የሚል ቃል በደብዳቤህ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም፤ የጉልበቴን ጥያቄ በእሱ ፈንታ ተቀብዬዋለሁ፣ ከዚህ በላይ እንደማይወጣህ አውቃለሁ።

ፈርሜያለሁ። የምትማረው ፊዚክስና ሒሳብ ነው። የሥዕል ታሪኩን ሸምሲ ራሱ ይማረው። ከመምጣቷ በፊት ፋብሪካውን በፊት ለፊት በር አስገብተህ አሳያት፤ አለበለዚያ የፈረምኩትን እቀደዋለሁ። እቀደዋለሁ ስልህ እቀደዋለሁ።

ባለአደራ ሻይስታ

*

ሀደርስፊልድ፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1997

ታውቂር፣

አሰላሙ አለይኩም። ዙነይራ የለችምና ይህን የሚያነብልህ ሰው የለም። መነጽር ግዛ።

"ልጄ መጣችልዎ ወይ፣ እንዴትስ አገኟት?" ብለህ ጠይቀሃል። ፔንድልባይ ለመጀመሪያው እረፍት ዘግቶ ነበር። ቅዳሜ ለምሳ ይጠብቁኝ ብላ ጽፋልኝ፣ እኔም ለምሳ ልክ ሳሎኑን አሰናዳለሁ፣ አዲሱን ሲኒ አወጣለሁ ብዬ አስቤ ነበር። በማለዳ የጓሮ በሩ ተንኳኳ። የመጋረጃ ቁርጥራጭ ወለሉ ላይ ተበትኗል፣ የማታው ሳህን አልታጠበም፣ እኔ ፀጉሬ ላይ ሂና ለድፌ ፎጣ ጠምጥሜያለሁ።

"ፑፖ፣ ቀደምኩ እንዴ?" አለችኝ። ዓይኗ ግን ከእኔ አልፎ ወደ ውስጥ ያያል።

"ግቢ" አልኳት።

"መጀመሪያ እጄን ልታጠብ" ብላ ደረጃውን ወጣች።

እጅ መታጠብ ይህን ያህል አይፈጅም። ከላይ የቁም ሣጥኔ ሲከፈት ሰማሁ። መስኮት ሲከፈት ሰማሁ። ቆየት ብሎ ደግሞ በጓሮ ወጥታ ከጎረቤቴ ከወይዘሮ ዶይል ጋር በአጥር ላይ ስታወራ ሰማኋት። ያቺ ሴት ደግሞ ስለ እኔ የማታወራው ነገር የለም። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ልቤ እንደ ታጨች ልጅ ይመታል። ይህን ለማንም እንዳትነግር።

ስትመለስ ወንበር ስቤ "እሺ ባሺራን፣ ወሬሽን አምጪ" አልኳት።

"የላይኛው ቧንቧ ያንጠባጥባል" አለች፣ ምንም ሳትስቅ። "ምንጣፉ አስቀያሚ ነው። አልጋው ጠባብ ነው፣ ግን ብርድ ልብሱ ሦስት ነው፣ ማሞቂያውም በርቷል። ኢናያት አጎቴ ፎቶው ላይ የሾፌር ኮፍያ አድርጓል፤ ያምርበታል። ወይዘሮ ዶይል ሬዲዮዎ ይጮኻል አሉኝ፣ ምላስዎም ስለት ነው አሉኝ። ባለፈው ክረምት እግራቸው ሲሰበር ግን በየቀኑ ሾርባ ያመጡላቸው እርስዎ ብቻ ነዎት አሉኝ። ደግሞ የስፌት መኪናዎ ሞተር ሊቃጠል ነው። ጠፍጣፋ ቢላ አለዎት?"

ሰጠኋት። መኪናውን ገልብጣ ሆዱን ከፈተችው። አፍንጫዋ ላይ ዘይት ነካት። በዚያ ሰዓት አንተን ነው የመሰለችኝ፤ ልጅ ሆነህ የአባታችንን ሰዓት ፈተህ መግጠም አቅቶህ ያለቀስክ ጊዜ። ልዩነቱ እሷ ገጠመችው።

"ታዲያ" አልኳት፣ ሂናዬን እያስተካከልኩ፣ ምንም እንዳልመሰለኝ ለማስመሰል እየሞከርኩ፣ "ልጅ የሚሰጥበት ቤት ነው?"

 ቢላውን ጠርጋ አስቀመጠችና ሻንጣዋን አንስታ ወደ ላይ ወጣች። ተከትዬ ስወጣ ልብሷን ቁም ሣጥኔ ውስጥ እየሰቀለች ነበር። ለሁለት ቀን የመጣች ልጅ የክረምት ልብሷን ሁሉ ይዛ መጥታለች።

አደራ ታውቂር፣ ጣፋጭ እንዳታድል። የቤቴን በር ክዳን ላይ እንዳታሳትም። ይህኛውን ቤት አንተ አልመረጥክላትም።

ታላቅ እህትህ ሻይስታ